ለሻጭ 5.2፣ ለገዢ 5.6፦ «አንተ ዝም በል» የተባለው ደላላ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥረነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው። አያት አካባቢ የቤት ደላላ ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ የሰፈሩ አንጋፋ ደላላ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ክፉ ሰው አይደለም። ብር ሲቸግረኝ ሳይጠይቀኝ አበድሮኛል።

ባለፈው ወር ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አገኘሁ። አራተኛ ፎቅ ነው። ባለቤቷ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱ ልጃቸው ካናዳ ነው፣ አንዷ ሐዋሳ ናት። እማማ ‹በእጄ 5.2 ሚሊዮን ይግባልኝ› አሉኝ። ገዢዋን ያመጣት ጋሼ ነው። ቤሩት ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። ጋሼ 5.6 አላት። ብዙም ሳትከራከር እሺ አለች። 400 ሺውን ከሌላ አንድ ደላላ ጋር ሆነን ለሦስት እንካፈለዋለን፤ ከኮሚሽኑ ሌላ ማለት ነው። እናቴ ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷ ከወር ወር እየከበደኝ ነው። ብሩ ያስፈልገኛል፣ አልዋሽም።

ሌላም አለ። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። ልጅቷ ቤቱን ልታይ የመጣች ዕለት እማማ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ጋሼ ጀሪካኖቹን አልጋ ሥር እንድከት አዘዘኝ። ቧንቧውን ከፈተችው፤ ውሃ ወረደ፤ የፈረቃው ቀን ነበር። ‹ውሃ ችግር የለም አይደል?› አለችኝ። ‹ይኸው› አልኳት።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለጋሼ ስነግረው ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። እኛ ብንተወው ሌላው ይበላዋል። አንተ ዝም በል› አለኝ። ሰኞ ቀብድ ትከፍላለች። ምን ላድርግ?»

የቸገረው፣ ከአያት

ወንድሜ፣ ሰኞ ቅርብ ስለሆነ ከመጨረሻው ልጀምርልህ። ያ ቀብድ ሰኞ እንዳይከፈል አድርግ። ምክንያቱ ደግሞ አንተን እንቅልፍ የነሳህ ነገር ብቻ አይደለም።

ደብዳቤህ ውስጥ ሳታስበው ያለፍካት አንዲት መስመር አለች። «ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንዱ ልጃቸው ካናዳ ነው፣ አንዷ ሐዋሳ ናት» ትላለች። ለእኔ ከ400 ሺው በፊት የመጣብኝ ጥያቄ እሱ ነው። ቤቱ የማን ነው?

ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ያፈሩት ንብረት ካርታው በአንዳቸው ስም ቢሆን እንኳ የጋራ ተብሎ ነው የሚገመተው፤ የግሌ ነው የሚል ያስረዳ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ነው የሚለው። ባል ሲሞት ግማሹ የሚስት ሆኖ ይቀራል። ሌላው ግማሽ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ለልጆች ይወርዳል። ብዙ ሰው ሚስት ባሏን የምትወርስ ይመስለዋል፤ በእኛ ሕግ ያለ ኑዛዜ አትወርስም። ስለዚህ ቤቱ የጋራ ከነበረ የካናዳው ልጅና የሐዋሳዋ ልጅ ሳይስማሙ እማማ ብቻቸውን ሊሸጡት አይችሉም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጥቷል? ስሙ ዞሯል? ካናዳ ያለው ልጅ ውክልና ልኳል? ውክልናው «ጉዳዬን ሁሉ ይከታተሉልኝ» የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃም። መሸጥን ለይቶ መጥቀስ አለበት። ከውጭ የሚመጣ ውክልና ደግሞ እዚያ ባለው ኤምባሲያችን በኩል አልፎ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው ውልና ማስረጃ የሚደርሰው። በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ምናልባት ሁሉም ተሟልቶ ይሆናል። ግን አንተ ካርታውን በዓይንህ አይተሃል? ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑንስ አረጋግጠሃል? ደብዳቤህ ስለዚህ አንድ ቃል የለውም። አለማጣራትህ ከጀሪካኑ የባሰ ጥፋት ነው የምልህ ለዚህ ነው። ኮሚሽን የሚከፈልህ በር ለመክፈት አይደለም።

አሁን ቀብዱን እዚህ ላይ ጨምርበት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ልጅቷ ሰኞ ከፍላ ማክሰኞ የውሃውን ነገር ጎረቤት ቢነግራትና ብትተወው ብሯን ልታጣ ነው። እማማ ተቀብለው ልጆቻቸው «አንፈርምም» ቢሉ እጥፍ ክፈሉ ሊባሉ ነው። ሁለቱም ሴቶች አንተን አምነው ነው እዚህ የደረሱት። ያን ቀን ጋሼ የት እንደሚሆን እግዜር ይወቀው፤ የአክስትህ ቤት ግን እዚያው ነው።

ወደ 400 ሺው እንምጣ።

የጋሼ መከራከሪያ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። «እማማ ራሳቸው ናቸው 5.2 በእጄ ይግባልኝ ያሉት። የጠየቁትን አገኙ። ልጅቷም በ5.6 ወዳዋለች። ማን ተጎዳ?» እውነቴን ነው፣ ይሄ ዝም ብሎ የሚጣል ክርክር አይደለም። «በእጄ ይግባልኝ» የሚባለው ስምምነት በከተማው የተለመደ ነው። ነጋዴ የሆነ፣ ገበያውን የሚያውቅ ሻጭ «ከዚህ በላይ ያገኘኸው ያንተ ነው» ብሎ በግልጽ ከተስማማህ ቢያንስ እሱን አላታለልከውም።

እማማ ግን እንዲህ አሉህ እንዴ? አላሉህም። «በእጄ ይግባልኝ» ማለት በእሳቸው አፍ «ኮሚሽንና ሌላ ወጪ ተነስቶልኝ ይሄን ያህል ይትረፈኝ» ማለት ነው። ቤቱ በገበያው ስንት እንደሚያወጣ ማን ነገራቸው? አንተ ልትነግራቸው ይገባ ነበር። ወደ አንተ የመጡት ያደግህበትን ቤት ስለሚያውቁ ነው። አንተ ዝም ስትል ዋጋውን በአነሱት ቁጥር የምትጠቀመው አንተ ሆንክ። ከሰውየው ጉዳት የሚያተርፍ ሰው የሰውየው ወገን ሊሆን አይችልም። ሐበሻ የቤት ኤጀንቶች በብዛት በሚሠሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ይህ ዓይነቱ ስምምነት ክልክል የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ ሻጩ ቢስማማም ኤጀንቱ ከተወሰነ ዋጋ በላይ ያለውን ኪሴ ልክተት ማለት አይችልም፤ ፈቃዱን ሊያስነጥቀው ይችላል።

አሜሪካኖቹ ከጥንት ጀምሮ ጨዋ ስለነበሩ እንዳይመስልህ። የእነሱም ገበያ ለረጅም ጊዜ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ሕግ፣ አፈ ጮሌ የሚበላበት ነበር። የዛሬው የሪልተሮች (የቤት ኤጀንቶች) ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1913 የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣው ሰው ስላላመናቸው ነው። የዛሬው ደንባቸው መጀመሪያ የሚለው ለደንበኛህ ጥቅም ቁም፣ ግን ደንበኛህ ላልሆነውም ወገን ሐቀኛ ሁን ነው። ቀጥሎ የሚለው ደግሞ ስለ ንብረቱ አታጋን፣ አትደብቅ ነው። የአንተን ሁለት ጥያቄዎች ቁጭ አድርጎልሃል።

የእኛም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወኪል የሆነ ሰው ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው የግል ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክላል። «እኔ ወኪል አይደለሁም፣ አገናኝ ነኝ» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ የንግድ ሕጉ ደላላን ራሱን ችሎ ሰዎችን የሚያገናኝ አድርጎ ነው የሚያየው። እሺ፣ አገናኝ ነህ እንበል። አገናኝ ከሆንክ ግን ለአንዷ 5.2፣ ለሌላዋ 5.6 እያልክ እንዳይገናኙ እየለየሃቸው ነው። ነገሩ ከሮ ፖሊስ ጋ ከደረሰ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692፣ ስለ ማታለል የሚለው፣ ሊነሳብህ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠራው ልጅቷን ያነጋገራት ሰው ስም ነው። «ይኸው» ያልከው ደግሞ አንተ ነህ።

እስቲ ውል የሚፈረምበትን ቀን አስበው። ይህን ነገር በቅርብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ውልና ማስረጃ ወረፋ ይዛችሁ አግዳሚው ላይ ተቀምጣችኋል። እማማ በአንድ በኩል፣ ልጅቷ በሌላ በኩል፣ ጋሼ መሃል። መሃል የሚቀመጠው ቦታ ጠፍቶ አይደለም። ጠዋት ለልጅቷ «ከሴትዮዋ ጋር ዋጋ እንዳታነሺ፣ ሆደ ባሻ ናቸው» ብሏታል። ለእማማም «ገዢዋ ቁጡ ናት፣ ብዙ አያዋሯት» ብሏቸዋል። ልጅቷ «እማማ፣ ውሃ ልግዛልዎት?» ብላ ብድግ ስትል ሦስታችሁም ትደነግጣላችሁ። የ5.2ቱ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) በእማማ ስም ተሠርቷል። ቀሪው 400 ሺህ ቀደም ብሎ «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ» ተብሎ በጋሼ ሒሳብ ገብቷል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሁለት ሴቶች እንዳያወሩ ስትጠብቅ መዋል ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ደግሞም ይወራል። ሴቶቹ ስልክ ይለዋወጣሉ። የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ ለመጠየቅ ልጅቷ ትደውላለች። እማማም «በ5.2 የሸጥኩልሽ…» ይላሉ።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር ደግሞ አለ። ውሉ ላይ ስንት ሊጻፍ ነው? ከታክስ ለማምለጥ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ልማድ ሆኗል። እዚህ ላይ ግን ደላላን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ደላላ ሌባ ነው እያልን የምንሳደብ ሰዎች ራሳችን ነን «ውሉ ላይ ትንሽ ዝቅ አድርግልን» የምንለው። አንተ ግን ለልጅቷ መንገር ያለብህ ይህን ነው፦ ነገ አንድ ወራሽ መጥቶ ውሉ ቢፈርስ «ይህን ያህል ከፍያለሁ» ብላ የምታስረዳው በውሉ ላይ በሰፈረው ቁጥር ነው። ከዚያ ውጭ በእጅ የሰጠችውን ማን ያምናታል? የዘጠኝ ዓመት ላቧ ነው። የከፈለችው ሁሉ ይጻፍ፤ ክፍያውም በባንክ ይሁን።

የውሃው ነገር ቀላል ነው፤ ማለቴ ለማስተካከል ቀላል ነው። ዛሬውኑ ደውልላት። «ያን ቀን ውሃ የነበረው የፈረቃው ቀን ስለሆነ ነው። በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ያኔ መናገር ነበረብኝ» በላት። ሌላ ማብራሪያ አትጨምር። ጋሼንም አታንሳ። ምናልባት ትቆጣለች። ምናልባት ደግሞ «አያት ውሃ እንደሌለ አጥቼው ነው?» ትልህ ይሆናል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ፈረቃ አይገርመውም፤ የሚያናድደው መደበቁ ነው። ሮቶ ለማስገባት ቦታ አለ ወይ፣ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል ወይ፣ እነዚህን የዚያኑ ደረጃ ነዋሪዎች ትጠይቅ። አንተው ይዘሃት ሂድ። ስታውቅ ዋጋ ላይ ትደራደርበታለች፤ መብቷ ነው።

ለጋሼ ምን ልበል ነው ከባዱ። ያበደረህ፣ ያስተማረህ ሰው ነው። ስለዚህ ስለ ሥነ ምግባር አትስበክበት። በሌሎቹ ፊትም አትናገረው። ብቻውን አግኘው፣ ቡና ጋብዘው። እንዲህ በለው፦ «ጋሼ፣ ቤቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እማማ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው። ጉዳዩ ቢወጣ እናቴ እዚያ ሰፈር ለቅሶ መድረስ አትችልም። የወራሾቹም ወረቀት አልታየም። እኔ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ልነግራቸው ነው። ኮሚሽናችንን በግልጽ እንጠይቅ።» ቁጣ ይመጣል። «ልጅ ነህ» ይልሃል። ይበልህ። «ሌላው ይበላዋል» ካለህ ደግሞ ይህን ቤት ሌላው ሊበላው እንደማይችል አስታውሰው፤ ሻጯ የሚያውቁት አንተን ነው። በዚህ ቤት ላይ ከጋሼ ይልቅ አቅም ያለህ አንተ ነህ። ሳታውቀው ነው እንጂ።

ከዚያ እማማ ጋ ሂድ። «እማማ፣ ገዢዋ እስከ 5.6 ለመክፈል ተስማምታ ነበር። ግን የውሃውን ነገር አልነገርናትም ነበር፣ አሁን ነግሬያታለሁ። ተገናኝታችሁ ተነጋገሩ» በላቸው። ልዩነቱን አንተ አትመድበው። ለእማማ ይግባ፣ ለልጅቷ ይትረፍ ወይም ይከፋፈሉት፣ የእነሱ ጉዳይ ነው። የአንተ ሥራ ሁለቱም አንዱን ቁጥር እያወቁ እንዲደራደሩ ማድረግ ነው።

ኮሚሽን ስትጠይቅ ደግሞ አትፈር። ልፋት አለው። ስንት ቤት አሳይተህ ስንቱ ሳይሆን እንደሚቀር አውቃለሁ። በከተማው የተለመደውን ሁለት ከመቶ ከሻጭ፣ ሁለት ከመቶ ከገዢ ብንወስድ፣ በ5.2 ሚሊዮን ሒሳብ ከእያንዳንዳቸው 104 ሺህ፣ በድምሩ 208 ሺህ ነው። ለሦስት ሲካፈል ለአንተ ወደ 69 ሺህ ይደርስሃል። ከ400 ሺው ከሚደርስህ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፣ አዎ። ግን ከሁለቱም እንደምትቀበል ለሁለቱም ንገራቸው። በአንዲት ገጽ ወረቀት ላይ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፈል ጽፈህ አስፈርም። ደላላ ኮሚሽኑን የሚከለከለው አብዛኛውን ጊዜ ሳይጽፍ ቀርቶ ነው። ቀብዱንም በአንተም ሆነ በጋሼ ሒሳብ አታስገቡ። ወረቀቱ ሁሉ ሲሟላ ከገዢ ወደ ሻጭ በቀጥታ ይሂድ።

ጋሼ ከዚህ በኋላ ሥራ ሊነፍግህ ይችላል። እዚህ ላይ ላጽናናህ አልፈልግም፤ ጥቂት ወራት ሊከብድህ ይችላል። በስምህ የድለላ ንግድ ፈቃድ ከሌለህ ለማውጣት አሁን ጀምር። በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት አዋጅ ወጥቷል። በ2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቶ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አድርጓል። ስድስት ወር በቅድሚያ ካልከፈልክ እያለ ተከራይን የሚያስጨንቅ ደላላ ዛሬ ሕግ እየጣሰ ነው። ሁለቱንም አዋጆች አንብባቸው። አሁንም ስማቸውን እንኳ የማያውቅ ደላላ ሞልቷል፤ አንብቦ የሚያስረዳ ደላላ ካገኘ ሰው ለዘመዱ ስልኩን ይሰጣል።

የእናትህን ነገር አልረሳሁትም። የስኳር መድኃኒት የዕድሜ ልክ ወጪ ነው፤ የአንድ ቤት ሽያጭ አይሸፍነውም፣ 400 ሺውን ብቻህን ብትወስደው እንኳ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ናቸው? ካልሆኑ የወረዳችሁን ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅ። መዋጮው በዓመት የሚከፈል ነው፣ ምዝገባው ግን ሁልጊዜ ክፍት ላይሆን ይችላልና ቀኑን አጣራ።